በነሐሴ ሳይክላዴስ? ለጀማሪ ይቅር
ወዳጄ፣ «ለመጀመሪያ ጊዜ የሸራ ጀልባ ተከራይተን በነሐሴ ግሪክ ውስጥ ወዳሉት ሳይክላዴስ ደሴቶች ብንሄድስ?» ላልከው፣ እኔ ብሆን አልሞክረውም። በሐምሌና በነሐሴ ደሴቶቹ ባሉበት በኤጂያን ባሕር ላይ ሜልቴሚ የሚሉት የሰሜን ነፋስ ይነሳል። ሰማዩ ጥርት ብሎ፣ ደመና የሚባል ሳይታይ፣ ለቀናት ሊነፍስ ይችላል። ማዕበሉ ለጀማሪ ቀልድ አይደለም። ነፋሱ እስኪበርድ ከደሴቶቹ አንዷ በሆነችው ሚኮኖስ ላይ ቁጭ ብሎ የኪራይ ቀን መቁጠር ደግሞ ያናድዳል።

ከግሪክ አልወጣም ካልክ፣ በምዕራብ በኩል ያሉት የአዮኒያን ደሴቶች ይሻሉሃል፤ እነ ሌፍካዳ፣ እነ ኢታካ። ጠዋት ባሕሩ ዝም ይላል፣ ከቀትር በኋላ ለሸራ የሚበቃ ነፋስ ይመጣል። ለአቴንስ የሚቀርቡት ኤጊና፣ ፖሮስና ሃይድራም ጥሩ ናቸው። የሃይድራ ወደብ ግን ጠባብ ስለሆነ በጊዜ ግባ። ጠዋት መልሕቅህን ስትስብ የጎረቤትህ ሰንሰለት ተጠላልፎ አብሮ ሊወጣ ይችላል!

በካሪቢያን ባሕር ያሉት ብሪቲሽ ቨርጂን ደሴቶችስ? ከአንዱ ደሴት ሆነህ ሌላው ስለሚታይህ ለጀማሪ ምርጥ ነው። ነሐሴ ግን እዚያ የአውሎ ነፋስ ወቅት ነው፤ ለጥር ወይም ለየካቲት አቆየው።

«የጀልባ መንዳት ብቃት ማረጋገጫ ይጠየቃል ወይ?» ካልክ፣ አዎ፣ የግሪክ አከራዮች ይጠይቃሉ። ከሌለህ ጀልባውን ከነካፒቴኑ ተከራይ።