«ይሄ ይሻላል ወይስ ያ?»፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ሰሞኑን የደረሱኝ ጥያቄዎች ዙሪያ ጥምጥም ሄደው አንድ ቦታ ይገናኛሉ። ከሁለት መድኃኒት የትኛው ይሻላል? ችግሩ፣ ብዙ ጊዜ ሁለቱ ፊት ለፊት ተወዳድረው አያውቁም። (ዓመተ ምሕረቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

ጥያቄ፦ አባቴ ግፊት አለባቸው። ሃይድሮክሎሮታያዛይድ ታዞላቸው ይወስዳሉ። ከውጭ የመጣች እህቴ «ክሎርታሊዶን ነው የሚሻለው» ብላ ይዛላቸው መጣች። አሁን የድሮውን ሊተዉ ነው። ምን ላድርግ? (ከደሴ፣ ሸዋበር)

መልስ፦ አብሽሪ፣ አባባ የያዙት መናኛ መድኃኒት አይደለም። እህትሽም ዝም ብላ አላወራችም። ሁለቱም ሽንት በማብዛት ግፊት የሚቀንሱ፣ የአንድ ቤተሰብ ልጆች ናቸው። የክሎርታሊዶን ስም የገነነው በ2002 ውጤቱ በወጣው ኦልሃት በተባለው ጥናት ነው። ከ33,000 በላይ ሰው የተሳተፈበት ነው። ክሎርታሊዶን ከአምሎዲፒንና ከሊሲኖፕሪል ጋር ተወዳድሮ አላነሰም። ሃይድሮክሎሮታያዛይድ ግን እዚያ ውስጥ የለም! ስለዚህ ባለሙያዎች የተለያዩ ጥናቶችን ጎን ለጎን እያስቀመጡ ይገምቱ ነበር። ግምቱም ብዙ ጊዜ ወደ ክሎርታሊዶን ያደላል። ክሎርታሊዶን ሰውነት ውስጥ ረዘም ላለ ሰዓት ስለሚሠራ ግምቱ አሳማኝ ነበር።

በመጨረሻ አሜሪካ ውስጥ ሁለቱን ፊት ለፊት አገናኟቸው። 13,523 የቀድሞ ወታደሮች፣ ሁሉም 65 ዓመት የሞላቸው፣ ሁሉም ሃይድሮክሎሮታያዛይድ ሲወስዱ የነበሩ። ግማሾቹ በነበረው ቀጠሉ፤ ግማሾቹ ወደ ክሎርታሊዶን ተዛወሩ። ውጤቱ በ2022 ወጣ። ስትሮክን፣ የልብ ሕመምንና ሞትን በመከላከል ልዩነት አልታየም። በደም ውስጥ ያለው የፖታሲየም ማዕድን መውረድ ግን ክሎርታሊዶን በወሰዱት ላይ በዛ። ያ ሁሉ ዓመት የተገመተው ብልጫ፣ ሲፈተን አልተገኘም ማለት ነው።

ስለዚህ አባባ በያዙት ይቀጥሉ። እህትሽ ያመጣችውን ለሐኪማቸው አሳዪ። ሁለቱን ደርበው እንዳይወስዱ ብቻ አደራ።

ጥያቄ፦ በኮሮና ጊዜ ጆንሰን ተከተብኩ። የሱ 66 በመቶ፣ የፋይዘር 95 በመቶ ነው ሲሉ ሰማሁ። ደካማውን ነው የሰጡኝ? (ከኮምቦልቻ)

መልስ፦ አንዱ ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ የሐረጎን ዳገት ሽቅብ ይሩጥ፤ ሌላው ከደሴ ቁልቁል ይውረድ። ከዚያ ሰዓታቸውን አይተው የትኛው ፈጣን ነው ይላሉ? የፋይዘር ሙከራ ቀደም ብሎ በ2020 የተካሄደ ነው። የቆጠረውም ምልክት ያሳየውን ኮሮና ሁሉ ነው። ጆንሰን የቆጠረው መካከለኛና ከባድ ሕመምን ነው። ከፊሉ ሙከራም ደቡብ አፍሪካ ውስጥ፣ አዲሱ ዝርያ በተስፋፋበት ወቅት ነበር። ያው አንድ ክትባት አሜሪካ ላይ 72፣ ደቡብ አፍሪካ ላይ 57 በመቶ አምጥቷል።

እኩል ናቸው እያልኩ ግን አይደለም። በኋላ ከአሜሪካ ሆስፒታሎች የተሰበሰበው መረጃ የአንድ ዶዙ ጆንሰን ከእነ ፋይዘር ዝቅ እንደሚል አሳይቷል። ያንን ያወቅነው ግን 66ን ከ95 ላይ በመቀነስ አይደለም።

ጥያቄ፦ የነርሲንግ ተማሪ ነኝ። ሁለት መድኃኒቶች እያንዳንዳቸው ከፕላሴቦ (መድኃኒት ከሌለበት ማስመሰያ) ጋር ብቻ ከተወዳደሩ፣ ሁለቱን ማነጻጸር ይቻላል? (ከወልድያ)

መልስ፦ ይቻላል፣ በጥንቃቄ። ቁጥር ፈጥረን እንየው። በመጀመሪያው ጥናት ፕላሴቦ ከወሰዱ 100 ሰዎች 30 ታመሙ፤ መድኃኒት «ሀ»ን ከወሰዱ 100 ሰዎች 20። በሁለተኛው ጥናት ደግሞ ፕላሴቦ ከወሰዱ 100 ሰዎች 15፣ መድኃኒት «ለ»ን ከወሰዱ 100 ሰዎች 10 ታመሙ። አሁን 20ን ከ10 ጋር ካስተያየህ «ለ» ይሻላል ትላለህ። ከፕላሴቦው ላይ ቀንሰህ ካየህ «ሀ» 10 ሰው አተረፈ፣ «ለ» 5፤ ስለዚህ «ሀ» ይሻላል። በድርሻ ካሰላኸው ደግሞ ሁለቱም ሕመሙን በአንድ ሦስተኛ ቀንሰዋል፤ እኩል ናቸው።

ከሦስቱ የመጀመሪያው በፍጹም አያዋጣም። ሰዎቹ ከጅምሩ አንድ ዓይነት አይደሉማ። ፕላሴቦዎቹ 30 እና 15 መሆናቸው ይመሰክራል። ሁለቱን በፕላሴቦው በኩል ነው የምታገናኛቸው፤ አብዛኛውን ጊዜ በድርሻው ይሰላል። ያኔም የሁለቱ ጥናቶች እርግጠኛ አለመሆን ይደመራል እንጂ አይጣፋም። መጀመሪያ የምታየው ታካሚዎቹ መመሳሰላቸውን ነው፦ ዕድሜ፣ የሕመሙ ክብደት፣ ክትትሉ የቆየበት ጊዜ። ካልተመሳሰሉ ስሌቱን ተወው።

ጥያቄ፦ ታዲያ ለምን ፊት ለፊት አያወዳድሯቸውም? (ከባቲ)

መልስ፦ ገንዘብ። ፈቃድ ለማግኘት ብዙ ጊዜ ፕላሴቦን መብለጥ ይበቃል። ኩባንያው ሊሸነፍ የሚችልበትን ውድድር በራሱ ወጪ ለምን ያዘጋጃል? በዚያ ላይ የሁለት ጥሩ መድኃኒቶች ልዩነት ትንሽ ስለሚሆን፣ ለማየት በሺዎች የሚቆጠር ሰው ይጠይቃል።

ሲደረግ ግን ምን እንደሚያመጣ እናንተ የቆላ ሰዎች ታውቁታላችሁ። ለከባድ ወባ ድሮ በደም ሥር ይሰጥ የነበረው ኩዊኒን ነበር። በ9 የአፍሪካ አገሮች 5,425 ሕፃናት ላይ ከአርቴሱኔት ጋር ተወዳደረ። ኢትዮጵያ ከነዚያ ውስጥ አልነበረችም። ውጤቱ በ2010 ወጣ። ኩዊኒን ከተሰጣቸው 10.9 በመቶ ሞቱ፤ አርቴሱኔት ከተሰጣቸው 8.5 በመቶ። በ2011 የዓለም ጤና ድርጅት ለሕፃናትም አርቴሱኔት እንዲቀድም መከረ። ይህ ለከባዱ ነው፤ ቀላሉ ወባ በሚዋጥ መድኃኒት ይታከማል።