ፋይል ማኔጀር ኢንተርኔት ምን ያደርግለታል?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ስልኬ «ቦታ ሞልቷል» እያለ መከራዬን ያሳየኛል። የጫንኩት ፋይል ማኔጀር ደግሞ አንድ ፎልደር በከፈትኩ ቁጥር ማስታወቂያ ይደቅንብኛል። ጓደኛዬ «ኦፕን ሶርስ የሆነውን አውርድ፣ ነፃ ነው፣ ማስታወቂያም የለው» አለኝ። ኦፕን ሶርስ ሲባል አፑ የተጻፈበት ኮድ ለማንም ክፍት ከሆነ፣ ሌባም ያየዋል ማለት አይደል? ደግሞስ በነፃ የሚሰጡኝ ምን ሊያገኙ ነው?
ከሐዋሳ

መልስ፦ ክፍት የሆነው የአፑ አሠራር ነው እንጂ ያንተ ፎቶና ዶክመንት አይደለም። ሌባም ኮዱን ያየዋል፣ እውነት ነው። ግን ስህተቱን ፈልጎ የሚያርም ባለሙያም ያየዋል። የተዘጋው አፕ ውስጥ ያለውን ጉድ ግን ብዙ ጊዜ የምንሰማው ከረፈደ ነው። ኢኤስ ፋይል ኤክስፕሎረርን ታስታውሳለህ? በአንድ ወቅት ያልጫነው ሰው አልነበረም። በ2019 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ላይ፣ አፑ አንዴ ከተከፈተ በኋላ 59777 የሚባል ፖርት (ከሌላ መሣሪያ ጋር የሚገናኝበት በር) ክፍት አድርጎ እንደሚተውና እዚያው ዋይፋይ ላይ ያለ ሌላ ሰው ፋይል መውሰድ እንደሚችል ታወቀ። ክፍተቱ ተደፈነ፣ አፑ ግን በዚያው ዓመት ከፕሌይ ስቶር ተነሳ።

ምን ያገኛሉ ላልከው፣ አብዛኞቹ በትርፍ ጊዜያቸው የሚሠሩ ናቸው፣ የወደደ ሰው ገንዘብ ይለግሳቸዋል። ይሄ ሁሌ አይዘልቅም። ሲምፕል ፋይል ማኔጀር የሚባለው ተወዳጅ አፕ በ2023 መጨረሻ ከሌሎቹ የሲምፕል አፖች ጋር ዚፖአፕስ ለሚባል ኩባንያ ተሸጠ። ተጠቃሚው አዘነ፣ ተናደደም። ግን ኮዱ ማንም ወስዶ እንዲሠራበት በሚያስችለው ጂፒኤል በሚባል ፈቃድ የተለቀቀ ስለነበር፣ አብሮ ሲሠራበት የቆየ ሰው የነበረውን ኮድ ይዞ ፎሲፋይ በሚል ስም ቀጠለበት፤ ማንም ሊከለክለው አይችልም ነበር። ለእኔ የኦፕን ሶርስ ትልቁ ጥቅም ይሄ ነው፣ ነፃነቱ ከዋጋው ይበልጣል።

አንተ ፎሲፋይ ፋይል ማኔጀርን ጫን። የኢንተርኔት ፈቃድ አይጠይቅም፣ ስለዚህ ፋይልህን ልላክ ቢል እንኳ መውጫ የለውም። ማቴሪያል ፋይልስም ግሩም ነው፣ መልኩ እንዲያውም ያምራል፤ እሱ ግን ከኮምፒውተርና ከሰርቨር ጋር ስለሚገናኝ ኢንተርኔት ያስፈልገዋል። ሁለቱንም ኤፍ-ድሮይድ በሚባለው የኦፕን ሶርስ አፖች ማውረጃ ላይ ታገኛቸዋለህ። እዚያ እያንዳንዱ አፕ የሚጠይቀው ፈቃድ ተዘርዝሮ ይታያል። ከቴሌግራም ቻናል የተለቀቀ ኤፒኬ (የአፕ መጫኛ ፋይል) ግን አደራ እንዳትጭን! ኮዱ ክፍት ነው ማለት ማንም ነካክቶ በዚያው ስም ሊያሰራጨው ይችላል ማለትም ነው።

አሁን ወደ ሞላው ስልክህ። ስልክህን የሞላው ቴሌግራም ነው ብዬ ብወራረድ የምሸነፍ አይመስለኝም። ችግሩ ከአንድሮይድ 11 ወዲህ አፖች «አንድሮይድ» ፎልደር ውስጥ «ዳታ» በሚለው ስር የሚያስቀምጡትን ሌላ አፕ እንዳያይ ጉግል ዘግቶታል። «ሁሉንም ፋይል ማስተዳደር» የሚለውን ፈቃድ ለፋይል ማኔጀሩ ብትሰጠው እንኳ ያው ነው፣ ኦፕን ሶርስ ሆነ አልሆነ ለውጥ የለውም። ስለዚህ ቴሌግራምን ራሱን ክፈት፣ ሴቲንግ ውስጥ የዳታና ስቶሬጅ ክፍል ግባ፣ ካሹን (ቴሌግራም አውርዶ ስልክህ ላይ ያከማቸውን) ከዚያ አጥፋ። ቻናሉ ላይ ያለው ፊልም አይጠፋም፣ እንደገና ማየት ከፈለግክ ግን በዳታህ ታወርደዋለህ።

ጥያቄ፦ የልጆቼን ቪዲዮዎች ወደ ላፕቶፕ ማዛወር ፈልጌ ኬብሉ ተበላሸብኝ። ዳታ ሳልጨርስ መንገድ አለ?
ከሪያድ

መልስ፦ አለ እህቴ። አሜዝ የሚባለውን ፋይል ማኔጀር ጫኚ፣ እሱም ኦፕን ሶርስ ነው። ስልኩንና ላፕቶፑን አንድ ዋይፋይ ላይ አድርጊ፣ ከአፑ ማውጫ ኤፍቲፒ ሰርቨር የሚለውን አስጀምሪ፤ ኤፍቲፒ ፋይል ከአንዱ መሣሪያ ወደ ሌላው ማስተላለፊያ ዘዴ ነው። የሚሰጥሽን አድራሻ ላፕቶፑ ላይ ፎልደር ከፍተሽ ከላይ ባለው የአድራሻ ቦታ ጻፊው። ክሮም ላይ አትልፊ፣ ክሮም ኤፍቲፒን በ2021 ትቶታል። ፋይሉ ከስልክ ወደ ላፕቶፕ በቤትሽ ዋይፋይ ብቻ ስለሚሄድ ከኢንተርኔት ፓኬጅሽ ምንም አይቆረጥም። ኤፍቲፒ እንዲሁ ሲሠራ የሚያልፈውን ፋይል አያመሰጥርም፣ ስለዚህ የይለፍ ቃል አድርጊበት፣ ካፌ ዋይፋይ ላይ አትሞክሪው፣ ስትጨርሺም አጥፊው።