መልስ፦ ከአሜሪካ የተላከልሽ የሳንቲም ከረጢት

እህትአለም፣ ወንድምሽ አሜሪካ ሱፐርማርኬት ውስጥ ካለ ሳንቲም ቆጣሪ ማሽን ሰው ትቶት የሄደውን ለቃቅሞ የላከልሽን ደሴ ለጎረቤት ልጆች መጫወቻ ልስጠው ወይ ላልሽው፣ ኧረ በአላህ እንዳትሰጪ! ማሽኑ እኮ የሚለየው ብረቱንና መጠኑን ነው እንጂ ዋጋውን አይደለም፣ ያላወቀውን ወደ ታች ይተፋዋል፣ የድሮው የብር (ማዕድኑን ሲልቨሩን ማለቴ ነው) ሳንቲምም ስሪቱ ከአሁኑ ስለሚለይ ብዙ ጊዜ ከውጭ አገር ሳንቲም ጋር አብሮ ይወድቃል፣ ባለቤቱ ደግሞ ቸኩሎ ጎንበስ ብሎ እንኳ አያይም።

መጀመሪያ ዓመቱን እዪ። ኳርተር (25 ሳንቲሙ) እና ዳይም (10 ሳንቲሙ) የሚሉት 1964 ወይ ከዛ በፊት ከሆነ 90 ፐርሰንት ብር ነው። ጠርዙ ላይ ቀይ የመዳብ መስመር ካለው አዲሱ ነው። የወርቅ ቤት ሚዛን ካገኘሽ የብሩ ኳርተር 6.25 ግራም ነው አዲሱ 5.67፣ ማግኔት ግን አትልፊ ሁለቱንም አይስብም።

ማርትሬዛ ከመሀል ከወጣልሽ (ያው ባቲ ሰኞ ገበያ እናቶች አንገት ላይ የምናየው) 1780 ስላለ ብቻ ያን ያህል ጥንት ነው ብለሽ አትደምድሚ፣ በዛው ዓመት ቁጥር ከዛ በኋላም ሲመታ ነው የኖረው። ብርነቱ ግን ብር ነው።

ዩሮ ምናምኑን ለብቻ አስቀምጪው ብዙም አያወጣም። እና በሎሚና በአመድ እንዳታሹት! ሰብሳቢ የተፈተገ ሳንቲም አይወድም። ወርቅ ሰሪ ጋ ከወሰድሽው በግራም ብቻ ነው የሚገዛሽ፣ ስለዚህ መጀመሪያ የሁለቱንም ገጽ ፎቶ እዚህ ለጥፊውና እንየው።