ግጥሞቹን ማን ይደርድራቸው?

ልጄ፣ «የግጥሞቼን ቅደም ተከተል አርታኢው ያስተካክለው የለ?» ብለሽ ጽፈሽልኛል። እኔ እንጃ፤ ይህን ጥያቄ ስሰማ የአሜሪካዊቷ ገጣሚ የሲልቪያ ፕላዝ «ኤሪያል» የተባለው የግጥም መድበል ትዝ እያለኝ እቆጫለሁ።

ፕላዝ በየካቲት 1963 እንደ ፈረንጆች ለንደን ውስጥ ራሷን አጥፍታ ስትሞት ጠረጴዛዋ ላይ አንድ ጥቁር ክላሰር ነበር፤ ግጥሞቹ በታይፕ ተመትተው፣ ማውጫው ተሰናድቶ። ርዕሱ ላይ ብዙ አመንትታለች፤ «ተቀናቃኙ»፣ «የልደት ስጦታ»፣ «አባዬ» እያለች ሰርዛ ሰርዛ ነው «ኤሪያል» ላይ የረጋችው። (ኤሪያል የምትጋልበው ፈረስ ስም ነው፤ በዚሁ ስም የተጠራውን ግጥም የጻፈችው 30 ዓመት በሞላት ቀን ነበር።) ድርድሩ ግን የታሰበበት ነው። የመጀመሪያው ግጥም መነሻ ቃል «ፍቅር»፣ የመጨረሻው ግጥም መድረሻ ቃል «ጸደይ»። ክረምቱን የሚያልፉ ንቦች ናቸው መድበሉን የሚዘጉት።

ኑዛዜ አልተወችም። ከባሏ ከእንግሊዛዊው ገጣሚ ከቴድ ሂዩዝ ተለያይተው ቢኖሩም አልተፋቱም ነበርና ሥራዎቿ በእሱ እጅ ገቡ። በ1965 ፌበር የተባለው የለንደን አሳታሚ ያወጣው መድበል ከ10 በላይ ግጥሞች ተቀንሰውለት፣ በመጨረሻ ሳምንታቷ የጻፈቻቸው ተጨምረውበት ወጣ። አሁን መዝጊያው «ጠርዝ» እና «ቃላት» ሆኑ፤ አንባቢም መጽሐፉን የሞት ደብዳቤ አድርጎ ያዘው። በ1966 በገጣሚው ሮበርት ሎውል መቅድም የወጣው የአሜሪካ እትም ደግሞ ከእንግሊዙ ጋር እንኳ አንድ አይደለም። የእሷን ድርድር ሂዩዝ ራሱ በ1981 ባሳተመው የግጥሞቿ ስብስብ ማስታወሻ ውስጥ ዘረዘረው። መጽሐፍ ሆኖ የወጣው ግን በ2004፣ በልጇ በፍሪዳ መቅድም ነው። ሂዩዝ አጠፋ እላለሁ፤ «ጠርዝን አውጣው» ብባል ግን እጄ እሺ አይለኝም።

እንግዲህ ማውጫሽን ለብቻው በአንድ ወረቀት አትሚ፤ በገጽ ቁጥር ሳይሆን በርዕስና በመጀመሪያ ስንኝ። የገጽ ቁጥር ማተሚያ ቤት ሲደርስ ይፈርሳል። ያልገቡትን ሌላ ፋይል ውስጥ «ከመድበሉ ውጭ» ብለሽ ለያቸው። ከእያንዳንዱ ግጥም ግርጌ ቀን ጻፊ። የዘንድሮ ልጆች «ቴሌግራም ላይ ቀኑ አለ» ትላላችሁ፤ እሱ የለጠፋችሁበት እንጂ የጻፋችሁበት ቀን አይደለም፤ ስታርሙትም የፊተኛው ይጠፋል።

የግጥም ቦታ ስትቀያይሪ አሮጌውን ማውጫ አትቅደጂ፤ በእስክሪብቶ ሰርዘሽ አዲሱን ከጎኑ ጻፊ። የፕላዝ ስርዝ ርዕሶች ዛሬ የሚነበቡት ወረቀቱ ስላልተጣለ ነው።