ኳሱ አምፖል አይደለም

የመድረክና የአዳራሽ መብራት ጥያቄዎቻችሁ

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ? ጥር ላይ ሰርግ አለብኝ። ሳውንድ ሲስተም የሚያከራየው ልጅ በላከልኝ ዝርዝር ላይ «ዲስኮ ላይት» እና «ሚረር ቦል» ለየብቻ ተጽፈዋል። ለሁለቱም ሒሳብ ይጠይቃል። አንድ ነገር አይደሉም እንዴ? ደግሞ ጓደኛዬ ሰርግ ላይ ሚረር ቦል ተሰቅሎ ነበር፤ እውነቱን ለመናገር ምንም አላየንም። ይቅርብኝ?
ሙሽራው፣ ከአዳማ

መልስ፦ እንኳን ደስ ያለህ! ልጁን አትጠርጥረው፤ ሁለቱ የተለያዩ ዕቃዎች ናቸው። ዲስኮ ላይት የሚባለው መብራት ነው። ውስጡ ባለቀለም ትንንሽ አምፖሎች አሉ፣ ላዩ የፕላስቲክ ክዳን ነው። ሶኬት ላይ ስትሰካው ራሱ እየዞረ ቀዩንም አረንጓዴውንም ይረጫል። ሚረር ቦል ግን ከፎም ወይም ከፕላስቲክ የተሠራ ኳስ ሆኖ፣ ላዩ ላይ አራት ማዕዘን የመስታወት ቁርጥራጮች በሙጫ የተለጠፉበት ነው። አምፖል የለውም፤ ሌላ መብራት ሲመታው ነው ብርሃኑን ግድግዳው ላይ በነጥብ በነጥብ የሚረጨው። ከላዩ የምታየው ሽቦ የሞተሩ ነው። አንዳንዱ ሰው «ዲስኮ ቦል» ሲል ትሰማለህ፤ እሱም ያው ሚረር ቦሉ ነው። ስለዚህ ዝርዝሩን ስታነብ የስሙን መጨረሻ እይ፦ «ቦል» ካለ መስታወት፣ «ላይት» ካለ አምፖል።

ጓደኛህ ሰርግ ላይ አልነበርኩም፤ የሆነውን ግን መገመት አያቅተኝም። ኳሱን ሰቀሉት፣ መብራት ያነጣጠረበት ሰው ግን የለም። ወይም ደግሞ ቪዲዮ ቀራጩ ያንን ደማቅ መብራቱን ሙሽሮቹ ላይ ለቆ አዳራሹ ቀን መስሎ ነበር። ያለ መብራት የተሰቀለ ሚረር ቦል ማለት ቡና ሳይገባበት የተጣደ ጀበና ነው።

ይቅርብኝ ወይ ላልከው፣ እኔ አይቅርብህ ባይ ነኝ። ግን ልጁን እነዚህን ጠይቀው። ፒንስፖት አለህ ወይ? ፒንስፖት ጠባብና ነጭ ብርሃን የሚወረውር ትንሽ መብራት ነው፤ ብርሃኑ ኳሱን ብቻ መምታት አለበት። ሰፊ መብራት ካመጣልህ ኳሱን አልፎ ግድግዳውንም ያበራዋል፣ ያኔ ነጥቦቹ ይሟሟሉ። አንዱን ከግራ አንዱን ከቀኝ ቢያደርግልህ ደግሞ አዳራሹ ሙሉ ይሆናል። ባለ 30 ሴንቲ ሜትር ኳስ፣ ቁርጥራጮቹ አንድ አንድ ሴንቲ ሜትር ከሆኑ፣ ላዩ ላይ 2,500 ገደማ መስታወት አለ። ከአንድ ወገን የመጣ መብራት ቢበዛ ግማሾቹን ነው የሚያገኛቸው።

ሞተሩንም ጠይቅ። በደቂቃ አንድ ዙር ይበቃል። ያንሳል እንዳትል፤ መስታወት ሲዞር የሚመልሰው ብርሃን በእጥፍ ነው የሚዞረው። ግድግዳው ከኳሱ 10 ሜትር ቢርቅ ነጥቡ በሴኮንድ 2 ሜትር ይሄዳል፣ ማለትም ፈጠን ብሎ ከሚራመድ ሰው ይቀድማል። «ፈጣን ሞተር አለኝ» ካለህ አመስግነህ እምቢ በል። የሰርግ እንግዳ በልቶ ጠጥቶ ነው የሚጨፍረው፤ ራስ ማዞር አያስፈልገውም።

የመጨረሻው ነገር አሰቃቀሉ ነው። ሞተሩ ከተንጠለጠለበት ሌላ ኳሱን የሚይዝ ሁለተኛ የብረት ገመድ ይኑር። ሲባጎ አይሁን፣ የዲኮር ሪባንም አይሁን። ከሥሩ የምትጨፍሩት እናንተ ናችሁ።

ቪዲዮ ቀራጩን ደግሞ ቀደም ብለህ አናግረው። ለአንድ ዘፈን ያህል መብራቱን እንዲያጠፋ፣ በቃ። ያኮርፋል፤ ግድ የለም።

ጥያቄ፦ ሚረር ቦል እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ከዲስኮ ሙዚቃ ጋር የመጣ ነው አይደል? ከባልደረባዬ ጋር በምሳ ተወራርደናል።
ከአዲስ አበባ

መልስ፦ ምሳውን ክፈል። ሉዊስ በርናርድ ዎስት የሚባል አሜሪካዊ፣ የኬንታኪ ሰው፣ የዚህን ኳስ ፓተንት (የፈጠራ መብት) ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1917 ነው። በ1920ዎቹ የአሜሪካ የዳንስ አዳራሾች ውስጥ ተሰቅሎ በጃዝ ይጨፈርበት ነበር። ዲስኮ የመጣው ከግማሽ ምዕተ ዓመት በኋላ ነው፤ «ዲስኮ ቦል» የሚለውን ስም ግን ኳሱ ከእሱ ወረሰ።

ጥያቄ፦ የትምህርት ቤታችን ሚኒ ሚዲያ ክፍል ውስጥ አሮጌ ሚረር ቦል አለ። ጠዋት ፀሐይ በመስኮት ስትመታው ግድግዳው በነጥብ ይሞላል። ተማሪዎቼ «መስታወቱ አራት ማዕዘን ሆኖ ነጥቡ ለምን ክብ ሆነ?» ብለው ጠየቁኝና ሳልመልስ ደወል አዳነኝ።
የፊዚክስ መምህር፣ ከደብረ ብርሃን

መልስ፦ መምህር፣ ጎበዝ ተማሪዎች አሉዎት! እኔም የምወደው ጥያቄ ይሄ ነው። ግድግዳው ላይ የሚታየው ነጥብ የፀሐይ ምስል ነው። ትንሿ መስታወት የምትሠራው ጨለማ ክፍል ውስጥ ብርሃን የምታስገባ ቀዳዳ የምትሠራውን ነው። ግድግዳው ቅርብ ከሆነ የራሷን ቅርጽ ታሳያለች፤ ሲርቅ ግን የብርሃኑን ምንጭ ቅርጽ ትስላለች። ፀሐይ ክብ ስለሆነች ነጥቡም ክብ ነው።

ክፍል ውስጥ ያሳዩዋቸው። ነጭ ወረቀት ከኳሱ 20 ሴንቲ ሜትር ርቀት ላይ ቢይዙ አራት ማዕዘን ያያሉ። ወረቀቱን ይዘው ወደ ኋላ ይራመዱ፤ ማዕዘኖቹ እየደበዘዙ ይሄዳሉ። አምስት ሜትር ላይ ሲደርሱ ክብ ሆኗል። ስፋቱንም ያስለኳቸው፦ የፀሐይ ምስል ስፋት ርቀቱ ለ108 ሲካፈል ነው። ለ5 ሜትር 4.6 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይመጣል፤ የመስታወቱ ስፋት ደግሞ ትንሽ ይጨምርበታል። ኳሱ የማይዞር ከሆነ ነጥቡ ቀስ እያለ ግድግዳው ላይ ሲጓዝም ያያሉ፤ መሬት እየዞረች ነው።

ይሄ ነገር ለፀሐይ ግርዶሽም ይሆናል። ሰኔ 14 ቀን 2012 ማለዳ ላሊበላ ላይ ፀሐይ ቀለበት በሆነችበት ሰዓት ሚረር ቦል ደጅ ያወጣ ሰው ቢኖር ኖሮ ግድግዳው በሙሉ ቀለበት በቀለበት ይሆንለት ነበር። የሚቀጥለው ዕድል ሐምሌ 26 ቀን 2019 ነው። ሙሉ ግርዶሹ ከእኛ ሰሜን፣ በግብፅና በየመን በኩል ያልፋል፤ እኛ ጋ ከሰዓት በኋላ በከፊል ይታያል። ፀሐይዋ ስትጎድል ነጥቦቹም አብረው እንደ ጨረቃ ይጎድላሉ። ሐምሌ መሆኑ ነው እንጂ ችግሩ! ደመናው ከፈቀደ ነው።

ልጆቹን ግን አደራ። የሚያዩት ግድግዳውን ነው፤ ፀሐይዋንም ኳሱንም በዓይናቸው አይዩ። ከመስታወቱ የሚመለሰውም ያው የፀሐይ ብርሃን ነው፣ ዓይን ይጎዳል። ኳሱ እስከዚያ ድረስ መስታወቱ ረግፎ ካለቀ ደግሞ ሌላ መግዛት አይጠበቅብዎትም። የኪስ መስታወት ላይ ወረቀት ይለጥፉ፣ ወረቀቱ ላይ የምስር ፍሬ የምታህል ቀዳዳ ይብሱ፣ ብርሃኑን ጥላ ያለበት ግድግዳ ላይ ይወርውሩት። አንድ ነጥብ ብቻ ነው የሚያገኙት፤ ለአንድ ክፍል ተማሪ እሱም በቂ ነው።