ረጅም ርቀት የሚነዱ ወጣት ወንዶችና አጥንታቸው፦ ጥያቄና መልስ

ሰላም ለሁላችሁ። ብስክሌት አጥንት ያሳሳል ወይ የሚለው ጥያቄ ስለበዛብኝ የላካችሁትን ሰብስቤ እመልሳለሁ። አሰልጣኝ እንጂ ሐኪም አይደለሁም፤ የምርመራ ውጤት በእጃችሁ ያለ ለሐኪም አሳዩ።

ጥያቄ፦ 24 ዓመቴ ነው፤ በሳምንት አምስት ቀን እነዳለሁ። የአጥንት መሳሳት የአሮጊቶች በሽታ አይደል እንዴ?

የልብህና የሳንባህ ነገር አያሳስበኝም። አጥንት ግን የሚጠነክረው ክብደት ሲያርፍበትና ድንገተኛ ምት ሲያገኘው ነው። ስትሮጥ እግርህ መሬት በነካ ቁጥር ከሰውነትህ ክብደት ሁለትና ሦስት እጥፍ የሚሆን ኃይል በአጥንትህ ውስጥ ያልፋል። ብስክሌት ላይ ግን ክብደትህን የሚሸከመው ኮርቻው ነው፤ የፔዳሉ ዙርም ምት የለውም። ጉልበቱን ያመመው ሰው ብስክሌት ንዳ የሚባለውም ለዚሁ ነው። ለመገጣጠሚያ የተመቸው ነገር አጥንትን ያለ ሥራ ያስቀምጠዋል።

በጎዳና ብስክሌት ተወዳዳሪ ወንዶች ላይ በተደረጉ ጥናቶች በተደጋጋሚ ስስ ሆኖ የተገኘው የታችኛው ጀርባ አከርካሪ ነው፤ ዳሌም ላይ ይታያል። ዕድሜህን አትናቀው። ሰው የአጥንቱን ክምችት የሚሞላው እስከ ሠላሳ ዓመቱ ገደማ ነው፤ ከዚያ በኋላ የሚኖረው ያጠራቀመውን እየጠበቀ ነው። እንግሊዛዊው ብስክሌተኛ ክሪስ ቦርድማን በ1992 እ.ኤ.አ. በባርሴሎና ኦሎምፒክ ወርቅ ያገኘ ሰው ነው፤ የአጥንት መሳሳት የተገኘበት ገና ሠላሳ ዓመት አካባቢ ሳለ ነበር። ቴስቶስትሮን የሚባለው የወንድ ሆርሞን መጠኑም ዝቅተኛ ነበር። ለሕክምና የሚያስፈልገው ሆርሞን በስፖርቱ የተከለከለ ስለነበር በ2000 እ.ኤ.አ. ውድድር አቆመ።

ጥያቄ፦ ካልሲየም በላብ ይወጣል የሚባለው እውነት ነው?

እውነት ነው። አራት አምስት ሰዓት ስትነዳ በደምህ ውስጥ ያለው ካልሲየም ትንሽ ሲቀንስ የፓራታይሮይድ ሆርሞን ከፍ ይላልና ጉድለቱን ከአጥንት ይስባል። በብስክሌተኞች ላይ እንደታየው ከመንዳት በፊት ካልሲየም ያለበት ምግብ መብላት ይህን ጭማሪ ያለዝበዋል። ስለዚህ ረጅም ጉዞ ባለህ ቀን ከመውጣትህ አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ቀደም ብለህ ቁርስህን ከወተት ወይም ከእርጎ ጋር ብላ። አንድ ብርጭቆ ወተት 300 ሚሊግራም ገደማ ካልሲየም አለው፤ ለአዋቂ ወንድ የሚመከረው በቀን 1,000 ነው።

ጥያቄ፦ የምጾም ነኝ። በሁዳዴ ወተትም ሥጋም የለም፤ ልምምዱን ግን ማቆም አልፈልግም። ምን ላድርግ?

ይህ ጥያቄ ከሁሉም በላይ የእኛን ሰው ይመለከታል። በሁለት ከፍለን እንየው።

ካልሲየሙ ብዙ አያስጨንቅህ። ጤፍ ከስንዴና ከበቆሎ የተሻለ ካልሲየም አለው። ያልተፈተገ ሰሊጥ ደግሞ እጅግ የበለጸገ ነውና የሰሊጥ ወጥ ከገበታህ አይጥፋ። ከቅጠል ጎመን አስቀድም። ቆስጣ ውስጥ ኦክሳሌት ስላለ ካልሲየሙን አስሮ ይይዝብሃል፤ ጎመን ግን ያን ያህል አያስቸግርም።

እኔን የሚያስፈራኝ የምግቡ ማነስ ነው። ማለዳ ተነስተህ ሦስት ሰዓት ነድተህ፣ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሳትቀምስ ቆይተህ፣ ከዚያ አንዴ ብትበላ ያቃጠልከውን አትመልስም። ሰውነት የሚበቃውን ጉልበት ሲያጣ ለነፍስ የማያስፈልገውን ሥራ ይቀንሳል፤ ቴስቶስትሮን ይወርዳል፣ አጥንት መገንባትም ይዘገያል። ዓለም አቀፉ የኦሎምፒክ ኮሚቴ በ2014 እ.ኤ.አ. ይህ ችግር ሴቶችን ብቻ ሳይሆን ወንዶችንም እንደሚነካ በይፋ አስታውቋል። ወንዶች የሚደብቁትን ምልክት በግልጽ ልናገር፦ የወሲብ ፍላጎት መቀነስ፣ ጠዋት የብልት መቆም መጥፋት፣ ቶሎ ቶሎ ጉንፋን መያዝ፣ ዕረፍት ወስደህም የማይለቅ ድካም። እነዚህን ካየህ ዝም አትበል።

በጾም ወራት ርቀቱን ቀንስ፤ መንዳቱን ወደ መብያ ሰዓትህ አስጠጋው፤ ከበላህ በኋላም እስክትተኛ ደጋግመህ ብላ። ወሳኝ ውድድር ካለህ ከንስሐ አባትህ ጋር አስቀድመህ ተመካከር።

ጥያቄ፦ ስዊድን ነው የምኖረው። ክረምቱን ሙሉ ቤት ውስጥ ነው የምነዳው። ለውጥ አለው?

ቤት ውስጥ የመንገዱ ንዝረት እንኳ የለም። በዚያ ላይ በሰሜን አውሮፓ ክረምት ፀሐይዋ ለቆዳ ቫይታሚን ዲ አትሰጥም፤ ጥቁር ቆዳ ደግሞ የበለጠ ፀሐይ ይፈልጋል። ደምህን አስመርምርና እንክብሉን በሐኪም ምክር ውሰድ።

ጥያቄ፦ ተራራ ላይ የሚነዱትስ?

የተሻሉ ናቸው። በንጽጽር ጥናት ከጎዳና ብስክሌተኞች የጠነከረ አጥንት ታይቶባቸዋል፤ ድንጋዩና ዝላዩ ምት ስለሚሰጥ ይመስለኛል።

ጥያቄ፦ እሺ፣ ብስክሌቴን ሳልተው ምን ልሥራ?

አትተወው! ሁለት ነገር ጨምርበት። አንደኛው ዝላይ ነው፦ ባለህበት ቆመህ ከፍ ብለህ ዝለል፣ በእግርህ ጠንከር ብለህ መሬት ላይ እረፍ፤ አሥር ጊዜ ዘለህ ዕረፍ፣ ድገመው፤ በሳምንት ሦስት አራት ቀን። የአጥንት ሴሎች ለተደጋጋሚ ምት ቶሎ ይደነዝዛሉ፤ ስለዚህ መቶ ጊዜ በአንድ ትንፋሽ ከመዝለል ጠዋት ጥቂት ማታ ጥቂት ይሻላል። ገመድ ዝላይም ይሆናል። ሁለተኛው ክብደት ማንሳት ነው፤ ስኳት (ክብደት ተሸክሞ ቁጢጥ ብሎ መነሳት) እና ዴድሊፍት (ክብደትን ከመሬት ማንሳት) በሳምንት ሁለት ቀን። በደንብ የሚከብድህን ጥቂት ጊዜ አንሳ፤ ቀላሉን ሃምሳ ጊዜ ማንሳት ለአጥንት ብዙም አይረባም። መጀመሪያ አነሳሱን የሚያውቅ ሰው ያሳይህ። አከርካሪህ መሳሳቱ በምርመራ የተረጋገጠ ከሆነ ግን ሐኪም ሳታማክር ከባድ ነገር ይዘህ አትጎንበስ።

መሮጥም ይቻላል፤ በአሥር ደቂቃ ጀምር። ልብህ ቢችልም ባትህና ቁርጭምጭሚትህ አልለመዱትም።

ጥያቄ፦ ሁላችንም ዴክሳ (የአጥንት ጥግግት የሚለካ የራጅ ምርመራ) እንነሳ?

ሁላችሁም አይደላችሁም። በቀላል አወዳደቅ አጥንቱ የተሰበረ፣ ለዓመታት ኪሎ ለመቀነስ ምግብ ሲቆጥብ የኖረ፣ ወይም ከላይ የጠቀስኳቸው ምልክቶች ያሉበት ቢነሳ ጥሩ ነው። ከ50 ዓመት በታች ላለ ወንድ የሚታየው ዜድ ስኮር የሚባለው ቁጥር ነው፤ ከእኩዮችህ ጋር ያነጻጽርሃል። -2 ወይም ከዚያ በታች ከሆነ ከዕድሜህ ከሚጠበቀው ያነሰ ነውና ምክንያቱ መፈለግ አለበት። በሦስት ወር ተመልሰህ ብትነሳ ግን ለውጥ አታይም፤ አጥንት ዝግተኛ ነው። ቢያንስ ዓመት ጠብቀህ፣ ከተቻለ በዚያው ማሽን ተነሳ።