የአንባቢያን ጥያቄ፦ መሪን መጠየቅ ዐመፅ ነው?

ጥያቄ፦ በአንድ የአገልግሎት ክፍል 6 ዓመት አገልግያለሁ። ሰብሳቢያችን ማንንም ሳያማክር ይወስናል፤ ስንጠይቀው «የቀባኋቸውን አትንኩ» ይለናል። ዝም ብል ኅሊናዬ ይወቅሰኛል፣ ብናገር ዐመፀኛ እባላለሁ። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ከጥቅሱ እንጀምር፤ የብዙ ሰው አፍ የተዘጋው በእሱ ነውና። ቃሉ መዝሙር 105፥15 ላይ ይገኛል። ከቁጥር 9 ጀምረው ያንብቡት። የሚናገረው ስለ አብርሃም፣ ስለ ይስሐቅና ስለ ያዕቆብ ነው፤ ቁጥራቸው ጥቂት ሆኖ በሰው አገር ሲንከራተቱ። «አትንኩ» የተባሉት ደግሞ ነገሥታት ናቸው። ጉልበት ያለው መጠጊያ የሌለውን እንዳይነካ የተነገረ ቃል ነው እንግዲህ። ሰብሳቢ ይህን ጠቅሶ ጠያቂን ዝም ካሰኘ ጥቅሱን ገልብጦ ይዞታል።

«ዳዊትስ ሳኦልን መቼ ነካ?» የሚልዎ አይጠፋም። እውነት ነው፣ ሳኦል የተቀባ ንጉሥ ነበርና እያሳደደውም እጁን አላነሣበትም። ግን በ1ኛ ሳሙኤል 24 ከዋሻው ወጥቶ በስተኋላው ጠራው፣ የቆረጠውን የልብሱን ዘርፍ አሳየው፣ እግዚአብሔር በመካከላቸው እንዲፈርድ ተናገረው። ሳኦል አልቅሶ ጥፋቱን ካመነ በኋላም ዳዊት አብሮት አልሄደም፤ ወደ አምባው ወጣ። አክብሮታል፣ ነግሮታል፣ ርቀቱንም ጠብቋል። ጳውሎስም በአንጾኪያ ጴጥሮስን ፊት ለፊት ተቃውሞታል (ገላትያ 2፥11)።

ይህ ሲባል ያልጣመንን ሁሉ ይዘን እንነሣ ማለት አይደለም። ዕብራውያን 13፥17 ለዋኖቻችን፣ ማለትም ለመሪዎቻችን፣ እንድንታዘዝ ያዝዛል፤ እነሱም ስለ ነፍሳችን ስሌት ይሰጣሉ። ስለዚህ ከመናገርዎ በፊት ጉዳዩ የቱ ጋ እንደሚወድቅ ይለዩ። የምርጫ ጉዳይ ከሆነ፣ ለምሳሌ የልምምድ ሰዓት ወይም የመዝሙር ቅደም ተከተል፣ ይከተሉ። የማስተዋል ጉዳይ ከሆነ፣ ማለትም ውሳኔው ኃጢአት ባይሆንም ሥራውን ይጎዳል ብለው ካሰቡ፣ አንድ ጊዜ በግልጽ ይናገሩ፤ ካልተቀበሉዎት ሳያኮርፉ ይሥሩ። ውሸት፣ የገንዘብ ብክነት ወይም ሰውን መበደል ካለበት ግን አይተባበሩ።

አነጋገሩ ላይ ብዙ ሰው ይሰናከላል። «አንተ አምባገነን ነህ» ማለት ጠብ ይጭራል እንጂ መልስ አያመጣም። በወረቀት ላይ አንድ ጉዳይ ብቻ ከነቀኑ ይጻፉ፤ «ባለፈው ወር የመሣሪያ ግዢው ክፍሉ ሳይሰበሰብ ተወሰነ። የሰማነው ከተገዛ በኋላ ነው። ከእንግዲህ ግዢ ሲኖር አስቀድመን እንድንሰበሰብ እጠይቃለሁ።» የሆነው፣ ያስከተለው፣ የሚፈልጉት፤ ሦስት ዓረፍተ ነገር ይበቃል። እርስዎና እሱ ብቻ ሆናችሁ ይንገሩት። ካልሰማ በማቴዎስ 18፥16 መሠረት አንድ ወይም ሁለት ሰው ይዘው ይመለሱ፤ የሚይዙት ግን ነገሩን በዓይኑ ያየ እንጂ ለእርስዎ ያዘነ ወዳጅ አይሁን። ቀጥሎ ወደ ሽማግሌዎች። 1ኛ ጢሞቴዎስ 5፥19 ያለ ሁለት ወይም ሦስት ምስክር በሽማግሌ ላይ ክስ እንዳይቀበሉ ያዝዛል፤ ቁጥር 20 ደግሞ ኃጢአት የሚሠሩትን በሁሉ ፊት እንዲገሥጹ። አንዱን ቁጥር ብቻ የሚያነብ ጉባኤ ወይ መሪውን ያለ ጥፋቱ ያዋርዳል፣ ወይ ጥፋቱን ይሸፍናል።

በመሐል የሚያበላሸው «የጸሎት ርእስ» ነው። ሰብሳቢው ሳይሰማ አሥር ሰው «ጸልዩለት» ተብሎ ከሰማ ያ ሐሜት ነው፣ በአሜን ቢዘጋም።

አንድ ነገር ግን ከዚህ ቅደም ተከተል ውጭ ነው። ሕፃን ወይም ሌላ ሰው በአካል እየተጎዳ ከሆነ ጥፋተኛውን ለብቻ ለማነጋገር አይሂዱ፤ ተጎጂውን ከአጠገቡ ያርቁ፣ ለሕግ ያሳውቁ።

ጥያቄ፦ መባውን የምቆጥረው ብቻዬን ነው። ሌላ ሰው ይጨመር ማለት እኔን አለማመን አይሆንም?

መልስ፦ ጳውሎስ ለድሆች የተዋጣውን ገንዘብ ብቻውን አልያዘም፤ አብያተ ክርስቲያናት የመረጡት ሰው አብሮት ነበር፣ ማንም እንዳይነቅፋቸው ሲል (2ኛ ቆሮንቶስ 8፥19-21)። ጭማሪውን እርስዎ ራስዎ ይጠይቁ። ዘመድ ያልሆኑ ሁለት ሰዎች በዚያው ቀን ይቁጠሩ፣ ሁለቱም ይፈርሙ፣ የባንክ ደረሰኙን ሦስተኛ ሰው ከቆጠራው ወረቀት ጋር ያስተያይ። ገንዘብ ጎደለ የተባለ ቀን የሚያድንዎ ያ ፊርማ ነው።

ጥያቄ፦ 40 አባላት ያሉትን ኅብረት እመራለሁ። ሥራ ሳካፍል ይበላሻል፤ ብቻዬን ስይዘው ደግሞ ደከመኝ።

መልስ፦ ዘጸአት 18 ላይ የሙሴ አማት ዮቶር የሙሴን ድካም ሲያይ «ጸልይበት» ብሎ አላለፈውም፤ አሠራሩን አስለወጠው። የሺህ፣ የመቶ፣ የአምሳና የአሥር አለቆች ተሾሙ። ልብ ሊሉት የሚገባው ግን አለቆቹ ቀላሉን ነገር ራሳቸው መፍረዳቸው ነው፤ ወደ ሙሴ የሚመጣው የከበደው ብቻ ነበር። አብዛኛው መሪ ሥራውን ይሰጥና ሥልጣኑን ያስቀራል፤ የእርስዎም ችግር ይኸው ይመስለናል።

አርባውን በአራት አሥር ይክፈሉና አራት ሰው ይያዙ። ለእያንዳንዱ በአንድ ገጽ ይጻፉለት፦ ሳይጠይቅ የሚወስነውን፣ ወስኖ የሚያሳውቀውን፣ ሳይወስን ወደ እርስዎ የሚያመጣውን። መጀመሪያ እርስዎ ሲሠሩ ይይ፤ ከዚያ እሱ ሲሠራ እርስዎ ይዩ፤ ከዚያ አይገኙ። ዲያቆናት አስቀድመው እንዲፈተኑ ታዝዟልና (1ኛ ጢሞቴዎስ 3፥10) ሦስት ወር ሳይሞክሩ ሹመቱን አያጽኑ።

ምርጫውን ለአባላቱ ይተዉላቸው። በሐዋርያት ሥራ 6 ያጉረመረሙት መበለቶቻቸው በዕለታዊው አገልግሎት የተዘነጉባቸው የግሪክኛ ተናጋሪዎቹ ነበሩ፤ ሕዝቡ የመረጣቸው የሰባቱም ስም ግሪክኛ ነው። ቅሬታ ካለበት ወገን ሰው መሾም እንዲህ ነው።

ሥርዓቱ አብዛኛውን ጊዜ የሚፈርሰው ግን ከተሾሙ በኋላ ነው። አንድ አባል በአሥር አለቃው ውሳኔ ተከፍቶ ወደ እርስዎ ይመጣል፤ እርስዎም አዝነው ይሽሩታል። በማግስቱ አርባውም ደጅዎ ላይ ናቸው። «እሱ ምን አለህ?» ብለው ይጠይቁት፣ ከዚያም ወደ አለቃው ይመልሱት። ውሳኔው ስሕተት ከሆነ አለቃውን ለብቻው ያነጋግሩትና ማስተካከያውን ራሱ ይናገር።